ፊት የሌለበት ፎቶግራፍ



ውድ አንባቢ፣ በአልበምዎ ወይም በስልክዎ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች እስቲ አንድ በአንድ ያስታውሷቸው። የኒካሕ ነው፣ የምርቃት ነው፣ የዒድ ነው፤ ከሐጅ የተመለሱ አባት ናቸው፣ ገና አርባ ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው። ሁሉም የሰው ፊት ነው። ፊት የሌለበት ፎቶግራፍስ አለዎት? አንድ ስኒ ብቻ፣ የሰሌን ጫፍ ብቻ፣ ወይም በግድግዳ ላይ ያረፈ የመስኮት ጥላ ብቻ የሚታይበት? ምናልባት አንድ ሁለት ቢገኝ እንኳ "ሳላስበው ተነሥቶ ነው" ብለው ሊያጠፉት ያሰቡት ይሆናል።

እባክዎ አይቸኩሉ! የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ዓይነት ፎቶግራፍ ነው።

ግዑዝ ዕቃን ከዙሪያው ነጥሎ፣ በጣም አቅርቦ፣ ዕቃነቱ እስኪረሳ ድረስ ክብ፣ መስመር፣ ማዕዘንና ጥላ አድርጎ ማሳየት በሥነ ጥበብ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስልት ነው። ረቂቅ ወይም አብስትራክት ይሉታል። "ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? ውሃ ለመቅዳት ጄሪካን ይዘን በምንሰለፍበት አገር፣ በዚህ ሐሩር፣ የስኒ ፎቶግራፍ ቅንጦት አይደለም ወይ?" ይሉኝ ይሆናል። ይህንኑ ጥያቄ በእኛም ቤት ታላቅ ወንድሜ ጠይቆታል። የጠየቀውም የእህታችን ልጅ በሎጊያ የውሃ ቦኖ ፊት የተደረደሩትን ቢጫ ጄሪካኖች በስልኳ ስታነሣ አይቶ ነው። "ሰው ጠፍቶ ነው ጄሪካን የምታነሺው?" አላት። "አጎቴ፣ እኔ ያነሣሁት ሰልፉን ነው፤ መስመሩን እየው" አለችው። ሳቀባት። ነገሩ ግን ለቤተሰባችን በሳቅ የሚታለፍ እንዳልነበረ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ሎጊያ በሌሎች ዓይን

ሎጊያን በመንገድ አልፈውባት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሀሏን ሰንጥቋት ያልፋል። ከክልሉ ርዕሰ ከተማ ከሰመራ ጋር ጎረቤት ናት፤ ዛሬ ሁለቱም በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ሾፌርና ረዳቱ የሚያርፉባት፣ ጎሚስታው እስከ ሌሊት ጎማ የሚያነሣባት፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ጭኖ የሚያልፍባት፣ ሻይ በየሰዓቱ የሚቀዳባት ከተማ ናት።

ታዲያ ስለ አፋር ምድር በመጽሔትና በቴሌቪዥን ሲታይ የኖረው ፎቶግራፍ ምንድን ነው? ጨው የጫነ የግመል ቅፍለት፣ በወገቡ ጊሌ የታጠቀ ጎልማሳ፣ የድርቅ ዓመት ሲሆን ደግሞ የከሳ ሕፃን። አይታበልም፣ ሦስቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው መኪናውን አቁሞ፣ የሰውየውን ፊት አንሥቶ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ጉዞውን ሲቀጥል ስንት ጊዜ አይተናል? ልጆቻችን የራሳቸውን አገር የሚያውቋት በእነዚህ ሦስት ሥዕሎች ብቻ ከሆነ ምን ዓይነት ሰው ነን ብለው ያድጋሉ?

እስቲ በሌላ ዓይን እንያት። የጎሚስታው ጎማዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ጥቁር ክቦች ናቸው። በመንገዱ ዳር የቆሙት ኮንቴይነሮች ቀይ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ አራት ማዕዘኖች ናቸው። የአርብቶ አደሩ ዳቦይታ እንደ ግማሽ ክብ ሆኖ ከሜዳው ላይ ብድግ ብሏል፤ የተሸፈነበትን ሰሌን ጠጋ ብለው ቢያዩት ደግሞ የአፋር እናቶች በጣታቸው የቆጠሩት መስመርና ማዕዘን ነው። አሞሌውንም አይርሱ! ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለው ያ ጨው ከአፋር ምድር እየተፈለጠ ሲወጣ በእጅ የተጠረበ አራት ማዕዘን ነበር። በአፍዴራም ውሃው በፀሐይ ደርቆ ጨው እንዲሆን የሚታቆርባቸው ኩሬዎች ከላይ ሲታዩ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ይህ ሁሉ ማንንም ሳያሳፍር፣ የማንንም ፊት ሳይወስድ ሊነሣ የሚችል ነው።

ከጨለማው ክፍል እስከ ወጥ ቤቱ

በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ውስጥ በቀትር ተኝተው ያውቃሉ? ሚስማር ነቅሎት በሄደው ቀዳዳ ብርሃን ይገባና ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ክፍሉ በደንብ ከጨለመ፣ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው መኪና ግድግዳው ላይ ተገልብጦ ሲሄድ ያያሉ። ካሜራ ማለት ይኸው ነው። ቃሉም በላቲን "ክፍል" ማለት ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ እንዴት እንደሚያልፍ በፈተና ካጠኑት ሊቃውንት መካከል ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ965 በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም ነው። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ኪታቡል መናዚር በተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ከነገሩ የተነሣ ብርሃን ወደ ዓይናችን ገብቶ መሆኑን አስረዳ። ብዙ መብራቶችን ደርድሮ ብርሃናቸውን በአንድ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ሥፍራ በማሳለፍ፣ የአንዱ ብርሃን ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ አሳየ። ስለዚህ ፎቶግራፍን ፈጽሞ የባዕድ ጥበብ አድርገው አይቁጠሩት፤ ሥሩ ወደ እኛም ሊቃውንት ይደርሳል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1916 ፖል ስትራንድ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በገጠር ሳለ የወጥ ቤት ጎድጓዳ ሳህኖችን ወስዶ በጣም አቅርቦ አነሣቸው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የሳህኖቹ ከንፈር ቅስት፣ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ አንድ ክብ ጠረጴዛን አጋድሞ የበረንዳው ርብራብ ጥላ እንዲያርፍበት አደረገና ጥላውን አነሣ። በወቅቱ ሠዓሊዎች ነገርን ወደ ቅርጽ መበተን ጀምረው ነበርና እሱ ይህንኑ በካሜራ ይቻል እንደሆነ መፈተኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ኤድዋርድ ዌስተን አንዲት ትልቅ የፈረንጅ ቃሪያ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ብርሃኑ በዝግታ እንዲዞራት አድርጎ አነሣት። ዛሬ ከዓለም ዝነኛ ፎቶግራፎች አንዷ ናት። ከገበያ የተገዛች ቃሪያ!

ከሁሉ ይልቅ ለእናቶችና ለእህቶች የምነግረው ግን የጃን ግሩቨርን ታሪክ ነው። ይህች ሴት ሥዕል የተማረች አሜሪካዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1978 ካሜራዋን ወደ ቤቷ የዕቃ ማጠቢያ መለሰች። ሹካ፣ ቢላ፣ ማንኪያ፣ ሳህን፤ አንዱ ከሌላው ተደራርቦ፣ የብረቱ ነጸብራቅ የሌላውን መልክ ይዞ። ተመልካቹ መጀመሪያ መስመርና ቀለም ያያል፤ ቆይቶ "ይህማ ሹካ ነው" ይላል። በየቀኑ ሦስት ጊዜ የምናጥበው ዕቃ ሙዚየም ገባ ማለት ነው።

በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተወለደችው አይዳ ሙሉነህ በውጭ አድጋና ተምራ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ወተርኤይድ በተባለው ድርጅት ጥያቄ ስለ ውሃ እጦት የሚናገሩ ተከታታይ ፎቶግራፎች ሠራች። የት እንደሠራቻቸው ያውቃሉ? እዚሁ በአፋር፣ በዳሎል ነው! በሥራዎቿ ውስጥ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ እንደ ስትራንድ ሳህኖች የግዑዝ ነገር ሥዕል አይደሉም። አሠራሯ ግን የዚያው ዘመድ ነው፤ ደማቅ ቀለም፣ የተለካ መስመር፣ ባዶ አድማስ። የውሃን ችግር በዜና ማሰራጫ ከለመድነው የሚያሳዝን ፊት ውጪ መናገር ይቻላል ብላ አሳየች። ሥራዎቹም እ.ኤ.አ. በ2019 በለንደን ሶመርሴት ሃውስ ለሕዝብ ታዩ።

ሌላው ሚካኤል ፀጋዬ ነው። ሥዕል ተምሮ የነበረ ቢሆንም የዘይት ቀለም ጤናውን ስለነሣው ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። ካነሣቸው መካከል በአዲስ አበባ በአሮጌ መቃብሮች ላይ የተለጠፉ የሟቾች ፎቶግራፎች ይገኙባቸዋል። መስተዋታቸው ተሰንጥቋል፤ ዝናብና ፀሐይ ፊቱን በልቶታል። አንዳንዱ ላይ የቀረው ጉርድ ቅርጽና የዝገት እድፍ ብቻ ነው። ፊታችን እንዳይረሳ ብለን በድንጋይ ላይ ብንለጥፈው እንኳ እንዲህ ይሆናል።

የእናታችን ስኒዎች

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከባቲ ወደ ሎጊያ የመጣችው እኛን ይዛ ነው። በሕይወቷ ፎቶግራፍ የተነሣችው ለቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ግድ ሆኖባት። በዒድ ቀን ስንሰበሰብ "አንድ ጊዜ ብቻ" ብለን ስንለምናት ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ "ፊቴን የፈጠረው ያውቀዋል፤ ለማን ልታሳዩት ነው?" ትለን ነበር። የልጅ ልጇ ስልኳን ይዛ በቤት ውስጥ ስትዞር ግን አትከለክላትም። "ዕቃዬን አንሺ፤ እኔን ተይኝ" ትላት ነበር።

እናታችን ዓምና ወደ አኼራ ሄደች። እንደ ልማዳችን ልብሷ ሰደቃ ወጣ። ረከቦቱንና ስኒዎቹን አክስታችን ወሰደች። ያረጀው ሰሌን ተጣለ። አንድ ወር ሳይሞላ ቤቱ ውስጥ እሷን የሚያስታውስ አንድም ነገር አልቀረም።

በዚህ ጊዜ ታላቅ እህቴ የመታወቂያውን ፎቶግራፍ ፎቶ ቤት ወስዳ አስተልቃ ልትሰቅለው ተነሣች። "እናቴን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ወንድሜ ተቆጣ። "በሕይወቷ እንቢ ያለችውን፣ መናገር ሳትችል ልናደርግባት ነው?" አላት። ማንኛቸው ተሳሳቱ ይባላል? ሁለቱም እናታቸውን መውደዳቸው ነው። ተኮራረፉ። የሙስሊም ኩርፊያ ከሦስት ቀን ማለፍ የለበትምና ሦስተኛው ቀን ሊሞላ ሲል የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መሀላቸው ተቀመጠች። በእናታችን ቤት ያነሣቻቸው ዐሥራ አንድ ፎቶግራፎች ነበሯት።

በአንደኛው የውዱእ ማንቆርቆሪያዋ በግድግዳው ላይ የጣለው ረጅም ጥላ ብቻ ይታያል። በሌላው የሙስበሐዋ ፍሬዎች በመስገጃው ጭረት ላይ ክብ ሠርተዋል። ሦስተኛውን ከላይ ቁልቁል ነው ያነሣችው፤ ትልቅ ክብ ረከቦት፣ በውስጡ ስድስት የተደፉ ስኒዎች፤ ስድስት ትናንሽ ክቦች። ከስድስቱ አንዷ ጠርዟ ተሸርፏል፤ የተሸረፈው በኩል ወደ ግድግዳው ዞሯል።

ወንድሜ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ "ስኒዋን አዙራታለች" አለ። እናታችን እንግዳ ሲመጣ ያችን ስኒ ሽርፉ እንዳይታይ ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምታስቀምጣት፤ ስታፈላም ለራሷ የምትቀዳው በእሷ ነበር። ሁላችንም በየቀኑ አይተነዋል፤ አንዳችንም አስተውለነው አናውቅም። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ክብ ስትፈልግ አገኘችው። እህቴ አለቀሰች።

የስኒዎቹ ፎቶግራፍ ታትሞ ዛሬ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ተሰቅሏል። የመታወቂያው ፎቶግራፍ አሁንም በእህቴ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ማንም አልነካባትም። አንድ ነገር ግን ልብ ብለናል። የሰው ፊት የተሰቀለ እንደሆነ እንግዳ "እናታችሁ ናቸው?" ብሎ ያልፋል። ክቦቹን ሲያይ ግን "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ስለ ስኒዋ እንነግረዋለን፤ እሱም "አላህ ይዘንላቸው" ይላል። በዚህ ምክንያት ለእናታችን ስንት ሰው ዱዓ እንዳደረገላት ቆጥረን አንጨርሰውም።

ጥላ ማንበብ ለእኛ አዲስ ነውን?

ስለ ምስል የሃይማኖት ጥያቄ እንዳለ አይጠፋኝም። በፎቶግራፍ ጉዳይ የዘመናችን ዑለሞች የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል፤ እኔም በመካከላቸው ገብቼ ፈትዋ ልሰጥ አልደፍርም። ሆኖም ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ምስል እየሠራ ለሚተዳደር አንድ ሰው፣ የግድ መሥራት ካለበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ እንደመከሩት በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። የሙስሊም ጠቢባን ከኮርዶባ እስከ ሳማርካንድ መስጊዶቻቸውን በኮከብ፣ በማዕዘንና በክብ ያስጌጡበት ጥበብም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወጣት ስኒና ጥላ ሲያነሣ ስናይ፣ ከዚህ ሰፊ ቤት በአንደኛው በር እየገባ ነው ማለት እንችላለን።

ደግሞስ ጥላን በጥሞና ማየትን ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? ሰዓት ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን ለሰላት ወቅት በትር ተክለው ጥላውን ይለኩ ነበር። ጥላው ከቀትሩ ጥላ ላይ የበትሩን ቁመት ያህል ሲጨምር ዐስር ገባ ይላሉ። ይህ ጂኦሜትሪ አይደለምን? ቁርኣንም ወደ ግመል አፈጣጠር፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ተራሮችና ወደ ምድር እንድንመለከት ይጋብዘናል። በየቀኑ ከዓይናችን ሥር ያሉ ናቸው፤ ግን አስተውለን የምናያቸው ስንቶቻችን ነን?

ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት

ለዚህ ጥበብ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ በልጅዎ እጅ ያለው ስልክ ይበቃል። ትልቁ ነገር ብርሃን ነው። በሎጊያ ቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላን ሁሉ ከዕቃው ሥር ትሸሽገዋለች፤ ፎቶግራፉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ከፈጅር በኋላ ፀሐይ እንደወጣች ወይም ዐስር ከተሰገደ በኋላ ግን ብርሃን በጎን ይመጣል፤ የሰሌኑ ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የብርጭቆ ጥላም ከብርጭቆው ይበልጥ ይረዝማል።

የስልኩን መብራት ያጥፉ። ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ብቻ ያስቀምጡ። ከፊት ለፊት ከማንሣት ይልቅ ከላይ ቀጥ ብለው ቁልቁል ይሞክሩ፤ ክብ የሆነው ሁሉ ያን ጊዜ ክብነቱ ይገለጣል። ከዚያ ይቅረቡ፤ አሁንም ይቅረቡ፤ ዕቃው ከሥዕሉ ጠርዝ ቢያልፍም ግድ የለም። ካነሡ በኋላ አንዱን ዕቃ አውጥተው እንደገና ያንሡ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይሻላል። የሌላ ሰው ቤት ከሆነ ደግሞ ስኒም ብትሆን ባለቤቷን ያስፈቅዱ፤ የሰው ዕቃ የሰው ገመና ነውና።

ወላጆች ሆይ! ልጅዎ ጎማ፣ ጄሪካን ወይም የግድግዳ ስንጥቅ ሲያነሣ ቢያዩት "ምን ያደርግልሃል?" ብለው ከመገሠጽዎ በፊት "አሳየኝ እስቲ" ይበሉት። ከእርስዎ ዓይን ያመለጠ ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል። አሮጌ እናት ወይም አባት በቤትዎ ካሉ ደግሞ ፊታቸውን መነሣት ባይፈቅዱ አያስገድዷቸው። የሚጠጡበትን ብርጭቆ፣ የሚደገፉበትን ከዘራ፣ ጫማቸው በደጃፍ ላይ የጣለውን ጥላ ለማንሣት ግን ይጠይቋቸው። በሎጊያ የእኛ እናት ይህን ፈቅዳለች፤ የእርስዎም እንቢ የምትል አይመስለኝም። ዕቃው ሰደቃ ሳይወጣና ሰሌኑ ሳይጣል ዛሬውኑ ይጠይቁ።

አላህ ያለፉትን ይዘንላቸው፤ ያሉትን ያቆይልን። አሚን።